አንድ እጅጌ፣ ሁለት በርሜል ውሃ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፈተና ጨርሼ፣ ውጤቱ ሳይለጠፍ ለእረፍት ወደ ናዝሬት የወረድኩ፣ ፊዚክስ የሚባለውን ትምህርት እስከ ምዕራፍ ስድስት ብቻ የማውቅ ሰው ነኝ። ኤሌክትሪክ ደግሞ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ነው። ይህንን ለአጎቴ ለጋሽ ታደሰ ገና ከአውቶቡስ እንደወረድኩ በትሕትና አስረድቻቸዋለሁ።

«ትሕትና ጥሩ ነው» አሉኝና ሻንጣዬን ጋሪው ላይ ጫኑ። ከዚያ ለባለጋሪው «የኛ ኢንጂነር ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። ባለጋሪው ዞር ብሎ አየኝ፤ ፈረሱም ዞር ያለ መሰለኝ።

ጋሽ ታደሰ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። በእሳቸው ዘንድ ሰው ሁሉ ፋይል አለው፤ ፋይል ላይ አንዴ የተጻፈ ነገር ደግሞ አይፋቅም። የእኔን ፋይል የከፈቱት ዩኒቨርሲቲ መግባቴን በሰሙበት ዕለት ነው። ሽፋኑ ላይ «ኢንጂነር» ብለው ጻፉበት፤ አበቃ።

ወደ ናዝሬት የወረድኩት ለእረፍት ብቻ አልነበረም። የጋሽ ታደሰ ልጅ አስቴር በዚያ ሳምንት እሁድ ልትዳር ነው። ጥር ነው፣ ሰርግ በየሰፈሩ ነው፣ አቧራውም እንደ ወትሮው እንግዳ ሳይመርጥ ሁሉን ያለብሳል። ቤቱ ኖራ ተቀብቷል፤ ጎረምሶች ለዳሱ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ የአጎቴ ባለቤት እትዬ ዘነበች የብረት ድስቶችን ከእድር ያስመጣሉ። ሁሉም ነገር ሞልቷል። የሚያሳስበው ውሃ ብቻ ነበር።

የሰፈሩ ቧንቧ ውሃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ ግቢው ጥግ በሲሚንቶ የተሠራ የምድር ጉድጓድ አላቸው። ለሰርጉ ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብታ በጠብታ ሞልተውታል። ውሃውን የሚለኩበት የባሕር ዛፍ ዘንግም አላቸው፤ ዘንጉ ላይ በቢላዋ አምስት ምልክት ቀርጸዋል። በየማለዳው ፊታቸውን ሳይታጠቡ ይነክሩታል። አምስቱም ምልክት ረጥቦ ሲወጣ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ግን ደስ ሲላቸው የተከራያቸው የአቶ ከማል ቃል ይቀናቸዋል።

ከጉድጓዱ አጠገብ ፓምፑ አለ። ፓምፑ ከጉድጓዱ ይስብና ጣሪያ ላይ ወዳለው የብረት ታንከር ይገፋል። ታንከሩ ውስጥ በዘንግ የተያዘች አንዲት ተንሳፋፊ ኳስ አለች። ውሃው ሲሞላ ኳሷ ወደ ላይ ትወጣና ፓምፑን «በቃህ» ትለዋለች። ውሃው ሲጎድል ወደ ታች ትወርድና «ተነስ» ትለዋለች። ፓምፑ ከአንድ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር የመጣ ነው። ጋሽ ታደሰ ያገኙት በሦስት ደብዳቤና በአንድ ዓመት ከአራት ወር ደጅ ጥናት ነው፤ ገመዱ የሚገባበት ቦታ ላይ እስካሁን የፋብሪካው የእርሳስ ማኅተም ተንጠልጥሎበታል። ማኅተሙ ከተሰበረ ወይም ገመዱ ከተቆረጠ ዋስትናው ይሰረዛል።

ሐሙስ ጠዋት የተሰጠኝ የመጀመሪያው የምህንድስና ሥራ ታንከሩን ማጽዳት ነበር። እኔ ሥራ ሲሰጡኝ ከልብ ነው የምሠራው። መብራቱን ከቆጣሪው አስጠፍቼ፣ ታንከሩ ውስጥ ገብቼ፣ ዝገቱን በብሩሽ ፍቄ፣ አተላውን ዝቄ፣ የሚወዛወዘውን አደብ አስገዝቼ፣ ክዳኑን በሽቦ ጠፍንጌ ወረድኩ። እትዬ ዘነበች ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው «ተማሪ እንዲህ ነው!» አሉ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ከደስታዬ ብዛት የቀኝ ጫማዬ ማሰሪያ እንደሌለው እንኳን ያወቅኩት ምሳ ላይ ነው። የሆነ ቦታ ወድቆ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሌላ ጫማ የለኝም፤ እሱም ስራመድ ተረከዙ ጧ ጧ እያለ ይከተለኛል።

ከምሳ በኋላ መብራቱ ተከፈተ። ፓምፑ አጉረመረመ፣ ታንከሩ ሞላ። ከዚያም የትርፉ ቱቦ ከጣሪያው ጫፍ ውሃ መትፋት ጀመረ።

«ሞላ!» አሉ ጋሽ ታደሰ በኩራት። «አሁን ይቆማል። አውቶማቲክ ነው።»

ቆመን ጠበቅን። ውሃው ዳሱ በሚተከልበት ቦታ ላይ ይፈሳል።

«አሁን ይቆማል» አሉ እንደገና፣ ትንሽ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጎረምሶቹ የቆፈሩት ጉድጓድ ሞላ። አንዱ «ጋሼ፣ ዳስ ነው የምንተክለው ወይስ ዓሣ ነው የምናረባው?» ብሎ ጠየቀ።

«ንቀሉታ!» አሉ እትዬ ዘነበች ከጓዳ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ፓምፑ የሚነቀል ነገር የለውም። ጋሽ ታደሰ ሲያስገቡት «ራሱ ለሚያጠፋ ዕቃ ማጥፊያ ምን ያደርግለታል?» ብለው ገመዱን በግድግዳው ውስጥ አሳልፈው ከዋናው መስመር ጋር በቀጥታ አስቀጥለውታል፤ ላዩን ለስነውታል፤ ለሰርጉ ደግሞ ኖራ አስቀብተውታል። ማቆም የሚቻለው የቤቱን መብራት በሙሉ ከቆጣሪው በማጥፋት ነው። ቆጣሪው ያለው ደግሞ በመንገድ በኩል ባለችው ክፍል፣ በልብስ ሰፊው በአቶ ከማል ራስጌ ላይ ነው።

እየሮጥኩ ሄጄ አጠፋሁት። ፓምፑ ዝም አለ። አቶ ከማል ግን ጮኹ።

«ማነው ያጠፋው? አንተ ነህ? ልጄ፣ አራት የሚዜ ቀሚስ ነው ያለብኝ! አራት ሚዜ፣ ስምንት እጅጌ! ተመልከት፣ አንዱ እንኳ አልተገጠመም! እሁድ ሚዜዎቹ በራቁት ክንድ ይቁሙ?»

የአቶ ከማል ስፌት መኪና ባለ ኤሌክትሪክ ነው፤ በዚያ ሰፈር የመጀመሪያው ስለሆነ በእግር የሚረገጠውን ድሮ ለእህታቸው ልከውታል። መልሼ አበራሁት። መኪናው ተንጣጣ፤ ፓምፑም አብሮ ተነሳ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፦ ቀሚስ ከተፈለገ ውሃው ያልቃል፤ ውሃ ከተፈለገ ቀሚሱ አይደርስም። አስቴር በሩ ላይ ቆማ እኔንና ተከትለውኝ የመጡትን አባቷን ስታይ ዓይኗ ውስጥ ሦስተኛ የውሃ ምንጭ ሊከፈት ደርሶ ነበር። «ጋሼ፣ በእኔ ሰርግ ሰው በምን ሊታጠብ ነው?» አለች። ጋሽ ታደሰ ትከሻዬን ያዙና «አይዞሽ፤ ኢንጂነሩ እዚህ ነው» አሏት። የዚያን ጊዜ «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። አምስት ፊደል ብቻ ነበር። ነገር ግን ሰው እንዲያ በተስፋ ሲያየኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ ይህ ትልቁ ድክመቴ ነው። «እናየዋለን» አልኩ።

መጀመሪያ መመሪያውን አየነው። ጋሽ ታደሰ ከፋይል ውስጥ በጥንቃቄ አወጡት። ፊደሉ ግማሹ የፈረንጅ ይመስላል፣ ግማሹ ወደ ኋላ የዞረ ነው።

«አንብበው።»

«ጋሼ፣ ይህ ቋንቋ አልገባኝም።»

«ዩኒቨርሲቲ ገብተህ?»

ሥዕሎቹን ወደ ማንበብ አለፍን። አራተኛው ሥዕል ላይ ፓምፑ አለ፣ ከፓምፑ አጠገብ የሰው እጅ አለ፣ በእጁ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አለ። ጋሽ ታደሰ «ብቃት የሌለው ሰው እንዳይነካ ማለት ነው፤ ስለዚህ አንተ ንካው» አሉ። እኔ «ሲሠራ ውስጡ እጅ አይግባ ማለት ይመስለኛል» አልኩ። እትዬ ዘነበች ሽንኩርት እየላጡ በትከሻችን ላይ አጮልቀው አዩትና «ሁለታችሁም እጃችሁን አንሱ ነው የሚለው» ብለው ሄዱ።

በዚያን ዕለት ከአቶ ከማል ጋር ስምምነት ተደረገ። እጅጌ ሲሰፉ መብራት ይበራል፤ ሲተኩሱም ይበራል፤ ጨርቅ ሲቆርጡ፣ ሲለኩና ሻይ ሲጠጡ ይጠፋል። ጋሽ ታደሰ በየመሃሉ ዘንጉን ነክረው ሒሳቡን ደረሱበት፤ አንድ እጅጌ ሁለት በርሜል ውሃ ይበላል። ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ ውሃ በእጅጌ መለካት ጀመረ። «ስንት ቀረን?» ሲባል «አምስት እጅጌ ተኩል» ይባላል።

ውሃው ሲፈስ ዝም ብለው ያላዩት እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸው። ከትርፉ ቱቦ ሥር መጀመሪያ በርሜል አቆሙ። ሲሞላ ድስት፣ ከዚያ ሳፋ። ያላቸው ሁሉ ሲሞላ አጥር ላይ ወጡና ተጣሩ፦

«እናንተ ጎረቤቶች! ዕቃ ያላችሁ ኑ ቅዱ! ግን የሰርግ ውሃ ነው፤ እሁድ ጠዋት ትመልሱልኛላችሁ!»

ጋሽ ታደሰ አፈሩ። «ምን ነካሽ! ፓምፓችን ተበላሸ ብለሽ ለሰፈር ታውጂ?»

«ታዲያ ለመንገዱ ከምሰጠው ለሰው ብሰጠው አይሻልም?»

ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካንና ባልዲ ይዞ ተሰለፈ። መንገድ ላይ የወጣውን ውሃ ያየ የቀበሌ ዘበኛ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጣና «የሕዝብ ውሃ ለምን ይባክናል? ሊቀመንበሩ ቢያዩ ጣጣ ነው» አለ። እትዬ ዘነበች «ጓድ፣ እውነትህን ነው፤ እንዳይባክን አንተም ባልዲ አምጣ» አሉት። ሄደና ሁለት ባልዲ ይዞ ተመለሰ፤ የሊቀመንበሩን ጀሪካንም ጨምሮ።

ዓርብ ጠዋት እኔ ባወቅሁት ሁሉ ሞከርኩ። ፓምፑን ቀስ ብዬ መታሁት። ከዚያ ጠንከር አድርጌ መታሁት። ምናልባት ሙቀቱ ይሆናል ብዬ እርጥብ ጆንያ አለበስኩት። የመምጫውን ቧንቧ፣ የመሄጃውን ቧንቧ፣ የሚታየውን ገመድ ሁሉ በወረቀት ላይ በማስመሪያ ሳልኩ። ሥዕሉ በጣም ያምር ስለነበር ጋሽ ታደሰ ፋይል ውስጥ አስገቡት። ፓምፑ ግን በሥዕሉ አልተነካም።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ገመቹ ተጠሩ። ኦቦ ገመቹ ከቆቃ እስከ መቂ የመስኖ ፓምፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ገቡና ለእኛ ሰላም ከማለታቸው በፊት ፓምፑ አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«አካም ጅርታ?» ብለው ፓምፑን ሰላም አሉት። ከዚያ የካቻቢቴውን እጀታ ጆሯቸው ላይ፣ ጫፉን ፓምፑ ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ሁላችንም ከበብናቸው። ሐኪም ፊት የቀረብን ነበር የምንመስለው።

«ፈያ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጤነኛ ነው። ከእኔም ከእርስዎም ይሻላል፣ ጋሽ ታደሰ።»

«ታዲያ ለምን አይቆምም?»

«ማን ቁም አለው? ፓምፕ እንደ ዘበኛ ነው፤ ከላይ ካልታዘዘ አይቆምም። አለቃው እላይ ነው ያለው።» በካቻቢቴው ወደ ጣሪያው አመለከቱ። «ታንከሩን ልየው።»

«ኦቦ ገመቹ» አልኩ በአክብሮት፣ «ታንከሩን እንኳ ይተዉት። ትናንት እኔ ራሴ ነኝ ያጸዳሁት። በዚህ ግቢ ውስጥ እርግጠኛ መሆን የሚቻለው በታንከሩ ብቻ ነው።»

«ልጄ፣ ለማየት ያህል...»

«ክዳኑን ራሴ ነኝ በሽቦ ያሰርኩት» አልኩ፤ የሚያሳምን መስሎኝ።

ጋሽ ታደሰም «ኢንጂነሩ ፈትሾታል» ብለው አጸደቁልኝ። ኦቦ ገመቹ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጣሪያውን፣ አንዴ ደግሞ ጧ ጧ የሚለውን ጫማዬን አዩ። «እሺ፣ የተማረ ካለ...» አሉና መሣሪያቸውን ሰብስበው ሄዱ። አሁን ሳስበው እኒያ ሰው ምን ያህል ጨዋ እንደነበሩ ይገርመኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ታደሰ ዘንጉን ነከሩት። ከታች ያለው አንድ ምልክት ብቻ፣ እሱም ግማሹ፣ ረጥቦ ወጣ። አቶ ከማል ገና ሁለት እጅጌና የአራቱም ቀሚስ ዘርፍ ቀርቷቸዋል። ጋሽ ታደሰ ዘንጉን እንደያዙ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። በዚያ ሁሉ ቀን ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አስቴር መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ራሷን ትከሻቸው ላይ አደረገች።

ከዚያ ጋሽ ታደሰ «ኦቦ ገመቹን ጥሩልኝ» አሉ። «ገመዱ ይቆረጥ።»

ኦቦ ገመቹ ፒንሳቸውን ይዘው መጡ። መብራቱ ጠፋ። ጋሽ ታደሰ የዋስትናውን ፋይል ደረታቸው ላይ አስደግፈው ቆሙ፤ የሚሰናበቱት ሰው ነበር የሚመስለው። ሰፈርተኛው ባልዲውን እንደያዘ ከበበን። አቶ ከማል እንኳ መቀሳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጥተዋል። ኦቦ ገመቹ ፒንሳውን ከፍተው ገመዱን አፉ ውስጥ አስገቡት።

እኔ ቢያንስ እንዳግዝ ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመድኩ። የቀኝ እግሬ መጣ፤ የቀኝ ጫማዬ ግን ጭቃው ውስጥ ቀረ። በካልሲዬ ጭቃ ላይ ቆምኩ።

«ኧረ ይሄን ልጅ!» አሉ እትዬ ዘነበች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ያመቁት ነገር ወጣ። «ጫማህን እሰረው እንጂ! ስንት ጊዜ ሊወልቅብህ ነው?»

«ማሰሪያ የለውም፣ እትዬ።»

«የት ሄደ?»

«እኔ እንጃ። ሐሙስ ዕለት ታንከሩ ውስጥ ስሠራ...»

እዚህ ላይ አፌ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ታንከሩ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስፍቅ ያቺ ኳስ እየተወዛወዘች ማጅራቴን ስትኮረኩመኝ ታየኝ። እኔም እንደ ጠንቃቃ ሰው ከሥራዬ እንዳታስተጓጉለኝ ከታች ካለው ቧንቧ ጋር ጥፍር አድርጌ አስሬያት ነበር። በምን እንዳሰርኳት ልንገራችሁ?

«አይቁረጡት!» ብዬ ጮህኩ።

አንድ እግሬን በጫማ፣ አንዱን በካልሲ መሰላሉን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ሽቦውን ለመፍታት የፈጀብኝ ጊዜ ጥንቃቄን ለዘላለም እንድጠላ ሊያደርገኝ ነበር። እጄን እስከ ትከሻዬ ድረስ ውሃው ውስጥ ነከርኩ። ማሰሪያዬ እዚያው ነበር፤ እንደ ፈተና ወረቀቴ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ድርብ ቋጠሮ። ፈታሁት። ኳሷ ሁለት ቀን ተይዛ እንደተለቀቀች ሰው «ዱብ» ብላ ውሃው ላይ ወጣች።

«አብሩት!» አልኩ።

መብራቱ በራ። ፓምፑ ዝም። አንድ ደቂቃ ጠበቅን፣ አሁንም ዝም። ከመንገድ በኩል የአቶ ከማል መኪና ብቻዋን ስትንጣጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማናት፤ ሠራተኛቸው አላስችል ብሎት ጀምሮ ኖሯል። እንዴት ያለች ጥሩ ድምፅ ነበረች!

ከዚያ እልልታ ሆነ። ስወርድ ጋሽ ታደሰ አቀፉኝ። «አላልኳችሁም? ኢንጂነር! ሳይቆረጥ! ማኅተሙ ሳይነካ! ምን ነበር ችግሩ?»

«ኳሷ... ተይዛ ነበር» አልኩ።

«በምን?»

«በገመድ መሳይ ነገር።»

ውሸት አልተናገርኩም፤ እውነቱንም በሙሉ አልተናገርኩም። ኦቦ ገመቹ ፒንሳቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከእጄ ተንጠልጥሎ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጥቁር ነገር ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩና «ያዘዘው ሰው ተገኘ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ሳቃቸውን ለመደበቅ ሲሉ ለረጅም ጊዜ አሳላቸው።

ጉድጓዱ ግን ባዶ ነበር፤ ቧንቧውም ቅዳሜን ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ጣሪያው ላይ ያለችው ውሃ ለአስቴር ገላ መታጠቢያና ለሙሽራው ወገን እጅ መታጠቢያ እንኳ አትዳረስም። እኔ ምን እንዳደረግሁ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስለማስብ አልጋዬ ውስጥ ተሸማቅቄ አደርኩ።

እሁድ ማለዳ የነቃሁት በጋሪ ድምፅ ነው። በሩ ላይ ስወጣ ጋሪዎች ተሰልፈዋል፤ በየጋሪው ላይ በርሜል አለ። ከኋላቸው ጀሪካን የተሸከሙ ሴቶች፣ ባልዲ ያንጠለጠሉ ጎረምሶች፣ ሁለት ባልዲ የያዘው የቀበሌ ዘበኛ፤ ጠመንጃውን ዛሬ ቤቱ ትቷል። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው «የአቶ እንትና በርሜል ወደ ድስቶቹ! ያንቺ ወደ ዳሱ! የሊቀመንበሩ ጀሪካን ለሙሽሪት!» እያሉ ያሰማራሉ። ያ በየእጅጌው የፈሰሰው ውሃ አንድ በአንድ ተመልሶ መጣ። አንዳንዷ ጎረቤትማ የወሰደችውን ብቻ አልመለሰችም፤ ከራሷ ጨምራ አምጥታለች።

ጋሽ ታደሰ የባሕር ዛፍ ዘንጋቸውን ይዘው ከበርሜል በርሜል እየዞሩ ነከሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ዘንጉን ጣሉትና ሚስታቸውን ግንባራቸው ላይ ሳሙ፤ በሰው ፊት!

ሰርጉ ደመቀ። ሚዜዎቹ ስምንቱንም እጅጌ ለብሰው ገቡ፤ ጋሽ ታደሰ አንዷን ባዩ ቁጥር «አራት በርሜል መጣች» ይሉኝ ነበር በጆሮዬ። እኔ እውነቱን ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ስለ ፓምፑ አንድ ነገር...» ስል ሦስት ጊዜም ክንዴን ይዘው ወደ አዲስ እንግዳ ወሰዱኝ፤ «ያ ያልኳችሁ ኢንጂነር ይህ ነው!» የሙሽራው አጎት ከሞጆ የመጡ ሰው ናቸው፤ በቤታቸው ስላለው የማይሠራ ሬዲዮ አማከሩኝ። እኔም፣ ምን ይደረግ፣ «እናየዋለን» አልኩ።

ረቡዕ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ እትዬ ዘነበች አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ዳቦ፣ ብርቱካን፣ ከዚያ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር እጄ ውስጥ ጨመሩ። «ስትደርስ ክፈታት» አሉ።

አላስቻለኝም፤ አውቶቡሱ ከከተማው ሳይወጣ ፈታኋት። ውስጧ አዳዲስ ጥቁር የጫማ ማሰሪያ ነበር። ቆጠርኳቸው፤ ሦስት ናቸው። በመስኮቱ ብቅ ብዬ ሳይ እትዬ ዘነበች ገና ቆመዋል።

«እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ለምን ሦስት?»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ሰብስበው መለሱልኝ፤ መናኸሪያው በሙሉ ሰማ፦

«ሁለቱ ለጫማህ! ሦስተኛው ለሥራህ!»